ከአውቶቡስ ተራ እስከ ኮዬ ፈጬ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያልተውኩት አንድ ልማድ ቢኖር ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ መውረድ ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ በርበሬ እዚሁ ሰፈር ታሽጎ ይሸጥ የለም ወይ? ምን ያንከራትትሻል?» ይሉኛል። በርበሬው ሰበብ መሆኑን አልነገርኳቸውም። የምሄደው ለቡና ነው። በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳገለግል ካንኳኳኋቸው በሮች መሐል፣ ዛሬም ድረስ «ሲስተር መጣች!» ተብሎ ከሰል የሚቆሰቆስልኝ አንድ ግቢ አለ።

ግቢው በየትኛው ተራ እንደሚገኝ አልጽፍም፤ ነዋሪዎቹ አደራ ብለውኛል። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ግን ዓይነቱን ይረዳኛል። ከፊት ሱቅ ነው፤ በሁለቱ ሱቆች መሐል በጎን ካልሆነ የማያስገባ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ እሱን ሲያልፉ ዐሥራ አራት አባወራ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ግቢ ይከፈታል። ገበያተኛው ቀኑን ሙሉ በደጁ ይተራመሳል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይሮጣል፣ ከሸቀጡ ጀርባ ሕፃን ተኝቶ ሽማግሌ ታሞ እንደሚውል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለ መርካቶ ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለሚሸጠውና ስለሚገዛው ነው። «የአፍሪካ ትልቁ ገበያ» ሲባልም እሰማለሁ፤ በምን እንደተለካ እንጃ። እኔ የለካሁት የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ የነበረባቸውን ክፍሎች ነው። ሦስት በአራት፣ መስኮት የሌለው፣ ሰባት ሰው የሚያድርበት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስሄድ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎ አገኘሁ። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። አንዱ «ቆጠራ ነው» አለ፣ ሌላው «የመብራት ሰዎች ናቸው» አለ። የግቢው ትልቅ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ አቦሉን ቀድተው ሲያበቁ ረከቦቱን በእጃቸው እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ ሊያነሱን ነው። ፎቅ ሊሠራበት ነው አሉ» አሉኝ።

ወሬው ለመርካቶ አዲስ አይደለም። ገበያውን አፍርሶ በፎቅ የመሥራት ነገር እኔ ገና በሥራ ላይ ሳለሁ ይነሳ ነበር፤ ይነሳና ይተኛል። አሜሪካን ግቢ በመልሶ ማልማት ስም ሲነካ እንኳ የእኛ ሰዎች «እሱ ወዲያ ነው» ብለው ተኝተዋል። አሁን ግን እንቅልፍ የለም። በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አዩ። በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ገላን ጉራ ሲሄድ ሰሙ። በዚያው ጥቅምት 11 ቀን ምሽት ሸማ ተራ ሲቃጠል ደግሞ ነበልባሉን ከጣራቸው በላይ አዩ። በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «እሳቱ ምን አስነሳው?» ብቻ አልነበረም፤ «ቦታው ለማን ይሰጥ ይሆን?» የሚልም ነበር። አመድ ሳይበርድ ይህን መጠየቅ ያሳዝናል፤ ግን ስጋት ሲሰነብት እንዲህ ያደርጋል።

ነገሩን ሳሰላስል አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፤ መርካቶ ራሷ የተነሺ ልጅ ናት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ አራዳን ለነጮች ፈለጉት፤ ሐበሻውን ከነገበያው ወደ ምዕራብ ገፍተው «የአገሬው ሰው ገበያ» አሉት። «መርካቶ» የሚለው ስም የእነሱው ቋንቋ ነው፤ «አዲስ ከተማ» የሚለውም የዚያን ጊዜ አዲስነት ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ተባረረ፣ የተገፋው ሰው ግን እዚያው ሥር ሰደደ። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ጎጃሜው፣ ወሎዬው መጣና ተራ ተራውን ያዘ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆኑ። በረመዳን ማታና በፍልሰታ ጠዋት በዚያ አካባቢ የሠራ ሰው ሰዓት አያስፈልገውም ነበር።

ቀጥሎ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የእማማ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት በወር የሚከፍሉት ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያነሰ ነበር። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ የእሳቸው ስላልሆነ ግድግዳው ሲያዘም ቀበሌ ያድሳል ተብሎ ይጠበቃል፣ ቀበሌ ደግሞ ነዋሪው ያድሳል ብሎ ይጠብቃል። እንዲህ ሲጠባበቁ አርባ ክረምት አለፈ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ሰፈሩን ስለወደድኩ ብቻ «አይነካ» የምል ሰው አይደለሁም። ያንን ግቢ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ዐሥራ አራቱ አባወራ አንድ ጉድጓድ ይጠቀሙ ነበር፤ ሲሞላ መጣጭ መኪናው በመተላለፊያው ስለማይገባ ቱቦው አይደርስም። በ2008 ክረምት አተት አዲስ አበባ ገብቶ በነበረ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ጉድጓድ ነው። ክሎሪን ይዤ ከቤት ቤት ስዞር አንዲት ወጣት እናት «ሲስተር፣ እጄን ልታጠብ፤ ግን ውሃው ከየት ይምጣ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በእጄ እያዋጥኩ ካዳንኳቸው ሰዎች አንዱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው መስኮት አልባ ክፍል ተመልሶ እየሳለ መጥቶብኛል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ የድሮ ሰፈር ናፍቆት የሚጽፉ ሰዎችን ሳነብ «አንድ ሌሊት እዚያ ባሳደሯቸው» እላለሁ። ንጹሕ ውሃ፣ የራስ መጸዳጃ፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍል፤ ይህ ሁሉ ለእማማ ይገባቸዋል።

ታዲያ የሚፈሩት ምንድን ነው? ያን ቅዳሜ ቡናው በረካ እስኪደርስ ስጠይቅ ነበር።

አንደኛው ፍርሃት የሥራ ነው። በግቢው ካሉት ሴቶች የሚበዙት በርበሬ ቀንጥሰው፣ ቅመም አበጥረው፣ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ናቸው። ምናለሽ ተራ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው። ጠዋት ሥራ ካለ ይጠራሉ፣ ከሌለ ተመልሰው ልጃቸውን ያያሉ። ታክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ይህን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ የቀን ገቢው በመንገድ ላይ ያልቃል። ወንዶቹም ተሸካሚና ጀብሎ ናቸው፤ የእነሱ መሥሪያ ቤት ጎዳናው ነው።

ሁለተኛው በጓዳ የሚነገር ነው፤ የደባል ጉዳይ። ከዐሥራ አራቱ ቤቶች በግማሹ ውስጥ ደባል አለ። አንዳንዱ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ተመድቦ የገባ ነው፣ አንዳንዱ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ ጎን ላይ በላስቲክና በቆርቆሮ ቀጥሎ የገባ። ያገቡ ልጆችም አሉ። በመዝገብ ላይ ያለው ግን አንድ ስም ነው። ከቀበሌ ቤት ለሚነሳ ሰው የሚቀርበው ምርጫ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ከፍሎ የሚገዛ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሁለቱም የሚሰጡት ለዚያ አንድ ስም ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በርዕሱ ራሱ ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ነገር ይናገራል። የግቢው ደባል ግን «እኛ ተነሺ ነን ወይስ ከተነሺ ጋር የተነሳ ዕቃ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ለሕግ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛውን ማንም በቃል አልነገረኝም። ያየሁት ከሱቁ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

በመተላለፊያው አፍ ላይ ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ባለሱቁ፣ እንደ ብዙ የመርካቶ ባለሱቆች፣ ማታ የሚያድረው እዚያው ቆጡ ላይ ነው። በፍሪጁ በር በኩል፣ ከሚሪንዳው ጎን፣ አፏ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ አለች። የሦስት ስኳር ታማሚዎች ኢንሱሊን የሚቀመጠው በዚያች ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት በፕላስተር ላይ ስማቸውን ጽፌ ብልቃጡ ላይ የለጠፍኩት፣ «ከበረዶ ቤቱ ይራቅ፤ ከረጋ ይበላሻል» ብዬ ባለሱቁን ያስጠነቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ኪራይ አልጠየቀም። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ በረዶ ገዝቶ ያስቀምጥበታል። በጾሙ ወር እሱ ውሃ ሳይቀምስ ለእማማ መርፌ ፍሪጅ ይከፍታል። በሌሊት ስኳሯ ወርዶ የተንዘፈዘፈችውን ልጅ በለስላሳ ያተረፋት እሱ ነው፤ ከቆጡ ዘሎ ወርዶ። ይህን የትኛው የካሳ ቅጽ ላይ ይሞሉታል?

ሩቅ ከመገመት ሄጄ ልይ ብዬ በሳምንቱ ጉዞ ወጣሁ። ከዚያ ግቢ አጠገብ ከነበረ ሌላ ግቢ የተነሳች፣ አሁን ኮዬ ፈጬ የምትኖር አንዲት በርበሬ ቀንጣሽ ወዳጅ አለችኝ። እሷም የስኳር ታማሚ ናት፤ ኢንሱሊኗ ከዚያችው የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር።

ከአውቶቡስ ተራ ባቡር ተሳፈርኩ። ይህ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቀው መስመር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር እኔም እንደ ሰው ሁሉ ለመንሸርሸር ተሳፍሬበታለሁ። አሁን ሰልፉ ረጅም ነው፣ ባቡሩ ቆይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ሰው እንደ ጆንያ ተደርድሮበት ነው። አንድ ወጣት «ማዘር፣ ይቀመጡ» ብሎ ተነሳልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ሰባተኛን፣ አብነትን፣ ዳርማርን አልፈን ልደታ ስንደርስ ኮንዶሚኒየሞቹ በመስኮት ታዩኝ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ፈርሶ የተሠሩ ናቸው። ያኔ ከተነሱት አንዳንዶቹ እዚያው ዕጣ ወጥቶላቸው ገብተዋል። አንዲት የድሮ ታካሚዬ ከገቡት አንዷ ነበረች፤ ቅድሚያውን ከዘመድ ተበድራ ከፈለች፣ የባንኩ ወርሃዊ ሲከብዳት ቤቱን አከራይታ እሷ ሰው ጓሮ ተከራየች። ቤት አላት፣ አትኖርበትም። እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን አንድ ሁለት አይደለም።

ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ትንሽ አንቀላፋሁ። ቃሊቲ ወርጄ ታክሲ ያዝኩ፤ ቱሉ ዲምቱ ሌላ ታክሲ። ከቤቴ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮዬ ፈጬ ደረስኩ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሕንፃ ከሕንፃ ጀርባ እስከ አድማሱ ተሰልፏል። አየሩ፣ አልዋሽም፣ ሳንባ ያጥባል። ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ አለ፤ በመርካቶው ግቢ ኳስ ቢመታ ድስት ነበር የሚገለብጠው።

ወዳጄ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊፍት የለም። ጉልበቴ ይመታኝ ስለጀመረ በየፎቁ ቆሜ ተነፈስኩ፤ እሷ ከላይ ሆና «ሲስተር፣ ቀስ በይ! እኔም እንዲሁ ነው የምወጣው» ትለኛለች። ቤቷ ንጹሕ ነው። መጸዳጃዋን በኩራት አሳየችኝ፣ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች። «ልጄ በሌሊት ስትወጣ ከእንግዲህ አልሰጋም» አለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሴት ልጅ እናት የሆነ ያውቀዋል።

ከዚያ ቡና እያፈላች ሌላውን አወጋችኝ። መርካቶ ለሥራ መመላለሱን ሁለት ወር ሞክራ ተወችው። ልጇ ካፌ ተቀጥራ በእሷ ደሞዝ ነው የሚኖሩት። የጤና መድን ደብተሯ የድሮው ወረዳ ስለነበር እስኪዛወር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተላከች፤ በመሐል አንድ ሳምንት ገደማ መርፌ አቋርጣለች። ይህን የነገረችኝ አንገቷን ደፍታ ነው፤ እንደምቆጣ ታውቃለች። ተቆጣሁም። «ለምን አልደወልሽልኝም?» ስላት፣ «ምን ብዬ? መርካቶ ብሆን አንቺ ጋ ሳልደርስ እማማ ያውቁ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚያ ግቢ ጠዋት ያልታየ ሰው በሩ ይንኳኳል። እዚህ ባለ ሁለት ቁልፍ የብረት በር ነው። ፊት ለፊቷ ያለውን ጎረቤት «ሰላምታ እንለዋወጣለን» ትላለች፤ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም። ከእነሱ ግቢ የተነሱት በዕጣ ተበትነው አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዷ እዚሁ ኮዬ ሆና ሌላ ጫፍ ላይ ናት። ዕድሩ ለጊዜው አልፈረሰም፤ ግን ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑን ከመርካቶ ኮዬ ለማምጣት የመኪናው ኪራይ ከዕድሩ ክፍያ በልጦ ተገኘ። ለቀስተኛውም ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው።

ኢንሱሊኑንስ? በገንቦ። እኔው ድሮ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ያስተማርኩትን አስታውሳ ገንቦ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርጋ በረንዳዋ ጥላ ላይ አስቀምጣለች። ብልቃጡን አውጥቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ፕላስተሩ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከድሮው ብልቃጥ እየላጠች ወደ አዲሱ ስታዛውረው ኖራለች።

ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ቤቶቹን ያፈረሰውም ሆነ ፎቁን የሠራው ሰው ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ዕጣ የሚባለው ነገር ለአንድ ሰው ዕድል ሲሆን ለአንድ ግቢ መበተን ነው። ዐሥራ አራት አባወራ ከአንድ መተላለፊያ ወጥቶ በአንድ ደረጃ ላይ ቢገባ፣ አቅመ ደካማው ምድር ቤት ቢሰጠው፣ ምን ያህል ተጨማሪ ሲሚንቶ ይጠይቃል? ይህ የስም ዝርዝር ጉዳይ ነው። ከፎቁ ውስጥ ጥቂቱ እዚያው መርካቶ ላይ ለሚሠሩት ቢተው ደግሞ በርበሬ ቀንጣሿ ከሥራዋ አትነቀልም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ግቢው ስደርስ ቡና ብቻ አልነበረም የሚጠብቀኝ። መሐል ላይ ጠረጴዛ ወጥቷል፣ ነጭ ወረቀትና ስኪሪፕቶ ተቀምጧል። «ሲስተር፣ የእጅ ጽሑፍሽ ይነበባል። ማመልከቻ ጻፊልን» አሉ። የሐኪም ቤት ሰው ጽሑፉ ይነበባል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው። ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነገራቸው፤ የሚነሱ ከሆነ አስቀድመው እንዲያውቁ፤ አንድ ላይ እንዲሰፍሩ፤ ደባሎች እንዲቆጠሩ። አባባ፣ ጡረታ የወጡት መኪና ጠጋኝ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

«ፍሪጁስ?» አለች አንዲት ሴት።

«እሱን እንኳ ተይው፤ ይስቁብናል» አሉ አባባ።

ባለሱቁ በሱቁ የኋላ በር ብቅ ብሎ ሲያዳምጥ ነበር። «ይሳቁ። ጻፊው፣ ሲስተር» አለ። በተራ ቁጥር አምስት፣ በዚህ ግቢ ሦስት ሰዎች ኢንሱሊናቸውን በአንድ ፍሪጅ እንደሚያስቀምጡ ጻፍኩ። የሳቀ አልነበረም።

ፊርማው ተጀመረ። መጻፍ የማይችል በአውራ ጣቱ አተመ፤ የቀለሙን ጨርቅ እማማ ይዘውታል። ዐሥራ አራቱም ካለቁ በኋላ ያቺ ደባል ልጇን አዝላ ከበሩ ስር ቆማ «እኔስ ልፈርም?» አለች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አባባ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እማማ ምንም አላሉም። የቀለሙን ጨርቅ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት፤ አውራ ጣቷን ነክራ ከዐሥራ አራተኛው ስር አተመች።